«ኔትወርክ የለም»፤ ስለ ድርጅቶች የውስጥ መረብ የዲዛይን ደረጃ የቀረበ ሂስ

ከቦሌ አየር ማረፊያ ተነሥቶ በመድኃኔ ዓለም፣ በሃያ ሁለት ማዞሪያና በመገናኛ በኩል እስከ ሲ.ኤም.ሲ. የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ባንኮችን፣ ክሊኒኮችን፣ ሆቴሎችንና የንግድ ድርጅቶችን በመስተዋት በተሸፈኑ ሕንፃዎች ውስጥ ተደራርበው ያያል። ከእነዚህ ወደ አንዱ ገንዘብ ሊያወጣ ወይም ካርድ ሊያስወጣ የገባ ባለጉዳይ አንድ ቀን «ኔትወርክ የለም» የሚል ቃል ሳይሰማ አይቀርም። ቃሉን የሰማ ሰው ይቀመጣል፤ ጥቂት ይጠብቃል፤ በመጨረሻም ወደ ቤቱ ይመለሳል። በዚህ ጽሑፍ የምንነቅፈው ይህን ቃል ነው፤ ከቃሉም በስተጀርባ ያለውን የአሠራር ልማድ ነው።

ቃሉ የሚነቀፍበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፣ የትኛው ኔትወርክ እንደሌለ አይናገርም። በገንዘብ ተቀባዩ ጠረጴዛ ሥር ያለው ገመድ ተነቅሎ እንደሆነ፣ በፎቁ ላይ ያለው ስዊች ኤሌክትሪክ አጥቶ እንደሆነ፣ ሰርቨሩ ቆሞ እንደሆነ፣ ወይም ከቴሌ የሚመጣው መሥመር ተቋርጦ እንደሆነ ሁሉም በአንድ ስም ይጠራል። ሁለተኛ፣ «የለም» የሚለው ግሥ አድራጊ የለውም። ዝናብ የለም እንደምንለው ያለ ነው፤ ማንም አላጠፋውም፤ ስለዚህ ማንም አይጠየቅበትም። ሦስተኛ፣ ጥፋቱን ሁልጊዜ ከግቢው ውጭ ላለው አካል አሳልፎ ይሰጣል። ባለጉዳዩም ቴሌን አምቶ ይሄዳል። ነገር ግን ከውጭ የሚገባው መሥመር ደኅና ሆኖ የውስጡ መረብ ብቻ የሚቆምበት ጊዜ መኖሩን በሙያው ያለ ሁሉ ያውቃል።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። አንድ የሥራ ጠረጴዛ ከሰርቨሩ ጋር ለመገናኘት አምስት ነገሮችን በተከታታይ ያልፋል እንበል፤ ገመዱን፣ የፎቁን ስዊች፣ ወደ ዋናው ክፍል የሚወርደውን መሥመር፣ ዋናውን ስዊችና የኤሌክትሪኩን ምንጭ። እያንዳንዱ ከመቶው 99 እጅ ጊዜ ደኅና ቢሆን፣ ለብቻው ሲታይ በዓመት ከአራት ቀን ያነሰ ብቻ ይቆማል። ነገር ግን አምስቱ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ስለሆኑ፣ አንዱ ሲበጠስ ሌላው የማይሸፍነው ከሆነ፣ ጠቅላላው ከመቶው 95 እጅ ላይ ይወድቃል። ይህም በዓመት ወደ 18 ቀን የሚጠጋ መቆም ነው። እንግዲህ በእያንዳንዱ ዕቃ ዘንድ ጥቂት የሚመስለው ጉድለት በባለጉዳዩ ዘንድ ብዙ ይሆናል ማለት ነው።

ይህን ለመከላከል የሚያገለግለው መሣሪያ የዲዛይን ደረጃ ይባላል። ደረጃ ማለት ምን እንደሆነ ለመረዳት የብራና ጸሐፊዎቻችንን አሠራር ማስታወስ ይበቃል። ቁም ጸሐፊ ቀለሙን ከመንካቱ አስቀድሞ ብራናውን በወስፌ ይወጋል፤ ከነጥብ ወደ ነጥብም መሥመር ያሰምራል። መሥመሩ ጽሑፍ አይደለም፤ ምን እንደሚጻፍም አያዝዝም። ነገር ግን ያለ እርሱ ዐምዱ ይጣመማል፤ መጽሐፉን ሁለተኛ ጸሐፊ ተቀብሎ ሊጨርሰው ቢፈልግም የፊተኛውንና የኋለኛውን ቅጠል ማስማማት ይቸግረዋል። የመረብ ደረጃም እንዲሁ ነው። አንዱ ባለሙያ የጀመረውን ሌላው ሳያፈርስ እንዲቀጥል አስቀድሞ የሚሰመር መሥመር ነው።

የዓለሙም ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚሠራበት ኢተርኔት እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ተፀነሰ፤ በ1983 የአይ ትሪፕል ኢ የ802.3 ደረጃ ሆነ። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ሠሪ የራሱን ገመድና የራሱን መሰኪያ ይዞ ይመጣ ስለነበረ፣ ኮምፒዩተር የቀየረ ድርጅት የሕንፃውንም ሽቦ መቀየር ነበረበት። ይህን ለማስቀረት በ1991 በአሜሪካ የቲ.አይ.ኤ. 568 ደረጃ፣ በ1995 ደግሞ ዓለም አቀፉ አይ.ኤስ.ኦ. 11801 ወጡ። የሁለቱም መሠረተ አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ሽቦው የሕንፃው አካል እንጂ የዕቃ ሻጩ ንብረት አይደለም የሚል ነው። ደረጃ የተወለደው ገዢውን ከሻጩ እጅ ለማውጣት መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን፤ የቀረው አሳባችን ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነውና።

አሁን ወደ ራሳችን ሠፈር እንመለስ። ለተግባር ልምምድ በተመደብንበት ጊዜ፣ በቦሌ አካባቢ በኪራይ ሕንፃ ውስጥ የሚሠራ አንድ ድርጅት «የኔትወርክ ዲዛይን ደረጃ» ብሎ ያዘጋጀውን ሰነድ ለማየት ዕድል አግኝተን ነበር። የድርጅቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ ሂሳችን ለአንድ ቤት ሳይሆን ለልማዱ ነውና። ደግሞም ፍርድ ከማጓደል እንዲያድነን አስቀድመን ምስጋናውን እንናገራለን። ሰነድ መኖሩ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። መረቡን በሦስት እርከን፣ ማለት በመዳረሻ፣ በማከፋፈያና በማዕከል መክፈሉ ትክክል ነው። ለየፎቁ ስዊች የስም አወጣጥ ሥርዓት ማበጀቱም የሚመሰገን ነው። ከዚህ በኋላ ግን የምንነቅፋቸው አምስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው፣ ሰነዱ ከመስፈርት ይልቅ የንግድ ስም የሚደረድር መሆኑ ነው። ስዊቹ የእገሌ ኩባንያ ሞዴል ይሁን ይላል እንጂ ስንት መሰኪያ፣ ምን ያህል ፍጥነት፣ ለስንት ካሜራና ስልክ የሚበቃ ኃይል እንዲሰጥ አይናገርም። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ደረጃ ሳይሆን የዕቃ ግዥ ዝርዝር ነው። ሞዴሉ ከገበያ ሲጠፋ ወይም የውጭ ምንዛሪ ሳይገኝ ሲቀር ሰነዱ አብሮ ይሞታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ግዥ አዋጅ ቁጥር 649 እንኳ የቴክኒክ መስፈርት በንግድ ምልክት እንዳይታሰርና መጥቀስ ግድ በሚሆንበት ጊዜም «ወይም ተመጣጣኝ» የሚል ቃል እንዲጨመር ያዝዝ ነበር። የግል ድርጅት በዚህ አዋጅ አይገደድም፤ ምክንያቱ ግን ለእርሱም ይሠራል።

በአንጻሩ የንግድ ስም ሳይጠራ በጥብቅ ሊነገር የሚገባው ነገር ተዘልሏል፤ ይኸውም የገመዱ ብረት ነው። በገበያ «ካት 6» ተብሎ ከሚሸጠው ገመድ መካከል ውስጡ አልሙኒየም ሆኖ ላዩ ብቻ መዳብ የተቀባ ይገኛል። ደረጃው የሚጠይቀው ግን ሙሉ መዳብ ነው። አልሙኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው ከመዳብ 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ገመዱ መልእክት ብቻ ይዞ በሚሄድበት ዘመን ልዩነቱ ላይታይ ይችል ነበር። አሁን ግን ካሜራውም፣ ስልኩም፣ የዋይፋይ ማሠራጫውም ኃይሉን የሚያገኘው በዚያው ገመድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በአንድ መሰኪያ 15.4 ዋት የነበረው ልክ በ2018 ደረጃ እስከ 90 ዋት ደርሷል። በጥቅል የታሰሩ ደካማ ገመዶች ይህን ኃይል ሲሸከሙ ይሞቃሉ። ኮርኒስ ውስጥ የሚሞቅ ገመድ ደግሞ የመረብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእሳት አደጋ ጉዳይም ነው። አንዲት ዐረፍተ ነገር፣ «ገመዱ ሙሉ መዳብ ይሁን፤ ርክክቡ በመለኪያ ተፈትኖ ይሁን» የምትል፣ ከአሥር የሞዴል ስሞች የበለጠ ትጠቅም ነበር።

ሁለተኛው ነቀፌታችን ስለ ቦታ ነው። ከፎቁ የሽቦ ክፍል እስከ ግድግዳው መሰኪያ ያለው ገመድ ከ90 ሜትር፣ በሁለቱ ጫፍ ከሚጨመሩት አጫጭር ገመዶች ጋር ከ100 ሜትር እንዳይበልጥ ደረጃው ይወስናል። ሰነዱ ይህን ቁጥር በትክክል ጽፎታል። ነገር ግን 90 ሜትሩ ከየት ተነሥቶ እንደሚለካ አልተናገረም። በቦሌ እንደሚታየው አንድ ድርጅት ሦስተኛውን፣ አራተኛውንና ሰባተኛውን ፎቅ ተከራይቶ መካከሉን ሌሎች ይይዙታል። በየፎቁ ቢያንስ አንድ የሽቦ ክፍል ይኑር የሚለው ሕግ ባለመከበሩ፣ ባየነው ቤት ስዊቹ መጥረጊያና ባልዲ በሚቀመጥበት ጓዳ ውስጥ ተሰቅሎ ነበር። የጓዳው ቁልፍ በጽዳት ሠራተኛዋ እጅ ነው። እርስዋም ለመጥረጊያ ማሽንዋ ሶኬት ባጣች ጊዜ የስዊቹን ነቅላ የራስዋን ትሰካለች። ያን ጊዜ ሰባተኛው ፎቅ «ኔትወርክ የለም» ይላል። ጥፋቱ የእርስዋ ነውን? እኛ አይደለም እንላለን። ጥፋቱ ለስዊቹ ክፍል፣ ለክፍሉም ቁልፍ፣ ለቁልፉም ባለቤት ያልመደበው ዲዛይን ነው።

ሦስተኛው፣ ሰነዱ የሌላ አገር አየርና የሌላ አገር መብራት ይዞ መገኘቱ ነው። የዕቃውን የሙቀት ልክ ከውጭ ጽሑፍ እንዳለ ገልብጦ እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈቅዳል። አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ይህን ቁጥር በሚሰጥበት የሰርቨር ምድብ፣ ከ900 ሜትር ከፍታ በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ እንዲቀነስ ያዝዛል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። ስሌቱን ለሠራ ሰው ልኩ ወደ 30 ዲግሪ ይወርዳል። ምክንያቱም በእኛ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ሙቀትን የማንሣት ኃይሉ ያንኑ ያህል ያንሳል። በሌላ በኩል የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ በመሆኑ፣ አቧራ በማጣሪያ ከተከለከለ፣ በብዙ ወራት ያለ ትልቅ ማቀዝቀዣ መሥራት ይቻላል። ሰነዱ ጉዳቱንም ጥቅሙንም አላየም፤ የገለበጠው ከሌላ ከተማ ነውና።

ስለ መብራትም እንዲሁ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ሰርቨሩን የሚሸከም ዩ.ፒ.ኤስ. ታዝዟል፤ ለየፎቁ ስዊች ግን አልታዘዘም። ሰርቨሩ በርቶ ወደ እርሱ የሚያደርሰው መንገድ ከጨለመ ምን ይጠቅማል? በተጨማሪም በሁለት ሕንፃዎች መካከል የመዳብ ገመድ እንዲዘረጋ ይፈቅዳል። በክረምት መብረቅ በሚበዛበት አገር ይህ መብረቁን ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው መጋበዝ ነው። በሕንፃዎች መካከል ፋይበር ብቻ እንዲዘረጋ፣ በየራኩም ግራውንድ የሚባለው የመሬት ሽቦ እንዲታሰር ማዘዝ ይገባ ነበር።

አራተኛው ስለ ሁለተኛ መሥመር ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት ከከፈተ ወዲህ ድርጅቶች ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ምርጫ አግኝተዋል። ሰነዱም «ሁለት መሥመር ይኑር» ይላል። ሁለቱ መሥመሮች ግን በአንድ ጉድጓድ ገብተው በአንድ ቱቦ ወጥተው በአንድ ራክ ላይ ካረፉ በስም ሁለት፣ በግብር አንድ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ከቦሌ እስከ መገናኛ፣ ከዚያም ወደ ሲ.ኤም.ሲ. በተካሄደው የኮሪደር ልማት መንገዱ ተቆፍሮ ብዙው ሽቦ ከምሰሶ ወደ መሬት ወርዷል። አካፋ የሚያገኘው ቱቦውን እንጂ የኩባንያውን ስም አይደለም። ስለዚህ ደረጃው መሥመሮቹን መቁጠር ብቻ ሳይሆን በየት በኩል እንደሚገቡ በካርታ ማሳየት ነበረበት። ሁለተኛውም መሥመር በየሦስት ወሩ አንደኛው ሆን ተብሎ ተቋርጦ ይፈተን ብሎ ማዘዝ ነበረበት።

አምስተኛው ስለ ክፍፍል ነው። ባየነው መረብ የእንግዳው ስልክ፣ የካሜራው መቅጃና የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒዩተር በአንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ይውላሉ። የመለያያው ዘዴ አዲስ አይደለም። የ802.1ኪው ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1998 ከወጣ ጀምሮ አንዱን ስዊች ቪላን በሚባል ስልት በብዙ የተለያዩ መረቦች መክፈል ተችሏል። ደግሞም አንድ ሰው ባለማወቅ የአንዱን ገመድ ሁለት ጫፍ በሁለት መሰኪያ ላይ ቢሰካ መልእክቱ እየዞረ መረቡን ያጥለቀልቀዋል። ይህን የሚከለክለውን ስልት ራዲያ ፐርልማን የተባለች መሐንዲስ በ1985 ፈጥራዋለች፤ በ1990ም 802.1ዲ በሚል ደረጃ ሆኗል። በስዊቹ ውስጥ አለ፤ የሚያስፈልገው እንዳይዘጋ ማዘዝ ብቻ ነው። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ከወጣ በኋላ ደግሞ የባለጉዳይን መረጃ ከእንግዳ ዋይፋይ ጋር በአንድ ሜዳ ማዋል የቴክኒክ ጉድለት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ በሕግም ፊት ጥያቄ ያስነሣል።

በዚህ ላይ የሚቀርቡ ሁለት ተቃውሞዎች እንዳሉ እናውቃለን። የመጀመሪያው «ይህ ሁሉ ለሀብታም አገር ነው፤ እኛ እንደ ዐቅማችን እንሥራ» የሚል ነው። ይህን አሳብ አንንቀውም። አሥር ኮምፒዩተር ያለው ድርጅት ሁለት ማዕከላዊ ስዊች ግዛ ቢባል ግፍ ነው። ነገር ግን መፍትሔው ደረጃን መተው ሳይሆን ደረጃን በመጠን መክፈል ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ ለትንሹ ቤት ቀለል ያለ፣ ከ12 ሜትር በላይ ለሚረዝመው ደግሞ ጠንከር ያለ ግዴታ አውጥቶ ነበር። ለመረብም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። ለትንሹ መሥሪያ ቤት ሙሉ መዳብ ገመድ፣ የሚቆለፍ ሣጥንና የተጻፈ ካርታ ይበቃዋል። ለቅርንጫፍ ዩ.ፒ.ኤስ.ና ክፍፍል ይጨመራል። ለዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ በሁለት በር የሚገባ ሁለት መሥመር ይታዘዛል። ከዚህም በላይ ርካሹ ነገር ርካሽ የሚሆነው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፤ ኮርኒስ ፈርሶ ገመድ ሲለወጥ የሚወጣውን ወጪ ማንም በፕሮፎርማው ላይ አያገኘውም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። «የዓለሙ ደረጃ እያለ እኛ ምን እንጽፋለን? እንዳለ እንቀበለው» ይላል። ይህም ግማሽ እውነት ነው። ስለ ገመዱ ርዝመትና ስለ መሰኪያው ቅርጽ የምንጨምረው የለንም። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩትም ዓለም አቀፍ ደረጃዎችን ተቀብሎ የአገር ደረጃ ማድረጉ የተለመደ ነው። ነገር ግን ስለ ከፍታው፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ኪራይ ፎቁና ስለ ጓዳው ቁልፍ ጄኔቫ የሚያውቀው የለም። እዚያ ላይ መጻፍ ያለብን እኛ ነን።

ስለ ባለቤትነትም አንድ ምሳሌ ከከተማችን እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2012 ቻይና በስጦታ ሠርታ ባስረከበችው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ ውስጥ ያለው የኮምፒዩተር መረጃ ሌሊት ሌሊት ወደ ሻንጋይ ይላክ ነበር ሲል ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ በጥር 2018 ጻፈ። ቻይናም የኅብረቱም መሪዎች ወሬውን አስተባብለዋል። በዚህ ላይ ፍርድ መስጠት የእኛ ፋንታ አይደለም። ነገር ግን ክሱ እውነትም ሆነ ሐሰት አንድ ጥያቄ ይተዋል፤ የሕንፃህን መረብ ሌላ ሰው ነድፎ፣ ሌላ ሰው ዘርግቶ፣ ሌላ ሰው ቢቆልፈው፣ በውስጡ የሚሆነውን አውቃለሁ ብለህ በምን ታስረዳለህ? ጋዜጣ ሲከስህ መልስ የሚሆንህ የራስህ የዲዛይን ሰነድ ነው። ይህ ለአህጉራዊ ድርጅት እውነት ከሆነ በገርጂ ላለ ክሊኒክም እውነት ነው።

እንግዲህ ጥሩ ደረጃ ምን ይመስላል? በእኛ አስተያየት በእያንዳንዱ ትእዛዝ ሥር አራት ነገሮች ሊጻፉ ይገባል። ትእዛዙ በቁጥር የሚለካ ይሁን። ምክንያቱ ይጻፍ፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሠራተኛ በመጀመሪያው ችግር ይተወዋልና። ኀላፊው በሥራ መደቡ ይጠራ። የማይፈጸምበት ቦታ ሲኖርም ማን እንደፈቀደና እስከ መቼ እንደፈቀደ ይመዝገብ። ካየነው ሰነድ የጎደለው በተለይ ይህ የመጨረሻው ነው። ሰባተኛው ፎቅ የሽቦ ክፍል እንደሌለው ሁሉም ያውቅ ነበር፤ የትም ግን አልተጻፈም። ያልተጻፈ ጉድለት ደግሞ ከጊዜ በኋላ ልማድ ይሆናል።

ጽሑፋችንን የምንፈጽመው ለራሳችንና ለመምህራኖቻችን በሚሆን አሳብ ነው። እኛ ተማሪዎች በክፍል ውስጥ የስዊችን አሠራር እንማራለን፤ ስዊቹ የሚሰቀልበትን ጓዳ ግን አንማርም። የአንድ ዓመት ተማሪዎች ከቦሌ እስከ አያት ባሉ ፈቃደኛ ድርጅቶች ዘንድ ሄደው ገመዱን ቢለኩ፣ መቆሙን በምክንያቱ ለይተው በየቀኑ ቢመዘግቡ፣ ጥፋቱ ስንት ጊዜ ከግቢው ውጭ፣ ስንት ጊዜ ከግቢው ውስጥ እንደነበረ በቁጥር ይታወቃል። ያን ጊዜ ለአገራችን የሚስማማ ደረጃ ለመጻፍ ከአስተያየት የበለጠ ነገር በእጃችን ይኖራል። በአሳባችን የማይስማማ ቢኖር በዚሁ መጽሔት እንዲመልስልን እንጠይቃለን።

እስከዚያው ግን ቢያንስ ቃሉን እንለውጥ። በመስኮቱ በስተኋላ የተቀመጠው ሠራተኛ «ኔትወርክ የለም» በማለት ፈንታ «የሦስተኛው ፎቅ ስዊች መብራት አጥቷል፤ ኀላፊው ተጠርቷል፤ በግማሽ ሰዓት ይነሣል» ለማለት የቻለ ቀን፣ በዚያ ቤት ደረጃ አለ ማለት ነው። ባለጉዳዩም መጠበቅ ወይም መሄድ የራሱ ምርጫ ይሆናል።